ፎቶግራፍ ማንሣትንና ማስተካከልን በወዳጅነት ውድድር መማር

የወዳጅነት የፎቶግራፍ ውድድር ተሳታፊዎች በአንድ ርእስና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶዎች አቅርበው የሚተያዩበትና የሚተራረሙበት የመማሪያ መንገድ ነው። ካሜራ ያለው ፍላጎቱን ያሰፋል፤ የሌለው በእጅ ስልክ ይጀምራል። ርእሱ ጠባብ መሆኑ ጀማሪን ይጠቅመዋል፤ ሁሉም አንድ ነገር ሲያነሡ ልዩነቱ የመሣሪያ ሳይሆን የአስተያየት መሆኑ ወዲያው ይታያልና።

በአገራችን በፎቶግራፍ ባለሙያዋ በዐይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው አዲስ ፎቶ ፌስት የኢትዮጵያውያንንና የሌሎች አገሮችን ባለሙያዎች ሥራ በአዲስ አበባ ለእይታ አቅርቧል። ለጀማሪ ቀረብ የሚለው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ዊኪ ሎቭስ አፍሪካ ነው። ውድድሩ በየጊዜው አንድ ርእስ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ርእስ ምግብ ነበር። ተሳታፊው ፎቶውን የሚያቀርበው በነጻ ፈቃድ ስለሆነ፣ ሌሎች የአንሺውን ስም ጠቅሰው ለንግድ ጭምር ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ለደብረ ታቦርና አካባቢው ነዋሪ ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት በቅርብ ይገኛል። በገሳይ በኩል የጉና ተራራ፣ የገብስና የድንች ማሳው፣ የክረምቱ ጭጋግ አለ። ከሁሉም በላይ የቡሄ በዓል አለ። በዋዜማው፣ ነሐሴ 12 ምሽት፣ የሚበራው ችቦ ጥሩ ፈተና ነው፤ ስልኩ ጨለማውን ለማብራት ሲሞክር ነበልባሉ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። በስክሪኑ ላይ ነበልባሉን ነክቶ ብርሃኑን መቀነስና ክንድን በግድግዳ ላይ አስደግፎ ማንሣት ይበጃል። በደጋ ፀሐይ ሥር ያለ ነጠላና ጋቢም ተመሳሳይ ችግር አለው፤ ብርሃን ሲበዛበት የጥበቡና የሽመናው መልክ ይጠፋል። የጠፋውንም በኋላ በማስተካከያ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ትንሽ ማጨለም ይሻላል፤ ከጨለማ የሚወጣ ዝርዝር ከነጣ ከሚወጣው ይበልጣልና። እኩለ ቀንን ትቶ ማለዳና አመሻሽ ላይ ማንሣትም ይመከራል።

ለማስተካከል ስናፕሲድና ጂምፕ በነጻ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ለስልክ፣ ሁለተኛው ለኮምፒዩተር ነው። በቅድሚያ አድማሱን ማቅናት፣ የማያስፈልገውን ጠርዝ መቁረጥ፣ ከዚያም ብርሃንንና ቀለምን ማመጣጠን ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። በዘገባ ፎቶ ውድድሮች ሰው ወይም ዕቃ መጨመርና ማጥፋት የሚከለከል ሲሆን፣ ዳኞች ዋናውን ፋይል ሊጠይቁ ይችላሉ።

የአንሺውና የተነሺው መብት

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ስም ሳይጽፉበት ለጓደኛ የሚላክ ፎቶ በኋላ ላይ ክርክር ሊያስከትል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የፎቶግራፍ ኢኮኖሚያዊ መብት ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት ይጸናል። ስለ ምዝገባ የሚጠይቁ ዜጎች ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መቅረብ ይችላሉ።

ተነሺውም መብት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 27፣ የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ የተከናወኑ በዓላትንና ሥነ ሥርዓቶችን ከክልከላው ያወጣል። ይህም ማለት በቡሄ ጅራፍ የሚያጮኹ ልጆች ከበዓሉ ጋር ሲነሡና አንዲት እናት በጓዳቸው እንጀራ ሲጋግሩ ሲነሡ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። ለሁለተኛው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ባይጠይቅም እንኳ ከሕፃናት ወላጆች ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ያለ ፈቃዱ ፎቶው የወጣበት ሰው እንዲነሣለት ወይም እንዲቋረጥለት የመጠየቅ መብት አለው።