ማግኔት የማይዘው መኪና

አሮጌ ላንድሮቨር የቆመበት ቦታ ካወቃችሁ፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈውን ማግኔት ኪሳችሁ ከትታችሁ ሂዱ። ባለቤቱን አስፈቅዱና በሩ ላይ ለጥፉት። ይወድቃል። ኮፈኑ ላይ ሞክሩ፤ አሁንም ይወድቃል። ቀጥሎ ጎንበስ በሉና ከመኪናው ሥር ርዝመቱን ይዞ የሚሄደውን ሻንሲ ንኩ፤ ጧ ብሎ ይያዛል። በሞተሩና በሹፌሩ እግር መካከል ያለው ግድግዳም እንደዚሁ ይይዘዋል።

ማግኔቱ አንዴ እየወደቀ፣ አንዴ እየያዘ የሚስልላችሁ ነገር የድሮ ካርታ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ያለፈው የእንግሊዝ የብረት እጥረት ካርታ። እኔ ይህን ካርታ ማንበብ የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ያውም እጄን ካቃጠልኩ በኋላ።

የአጎቴ ላንድሮቨር ግቢያችን ጥግ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባላት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ቆሟል። የኋላው ሻንሲ ስለበሰበሰ ቤተሰቡ ለቁራሌው በኪሎ ይሸጥ ብሎ ወስኖ ነበር። እኔ ደግሞ ሜካኒካል ምህንድስና የተማርኩ፣ አሁንም የድህረ ምረቃ ጥናት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ብረት ለምን እንደሚሰበር እጽፋለሁ እንጂ የብየዳ ማሽን ይዤ አላውቅም። አጎቴን ለመንኩት። ሁለት ወር ሰጠኝ። «ካልሆነልህ ግን ቁራሌውን ራስህ ትጠራዋለህ» አለኝ።

ወደ መኪናው ከመመለሳችን በፊት ከየት እንደመጣ እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሪስ ዊልክስ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ነበር። በዌልስ፣ አንግልሲ በምትባል ደሴት ላይ እርሻ ነበረው፤ እዚያ የሚሠራበት መኪና ደግሞ ከጦርነቱ የተረፈ የአሜሪካ ዊሊስ ጂፕ ነበር። ጂፑ እያረጀ ሄደ። በምን ይተካ? ከሌላ ጂፕ በቀር የሚሆን ነገር ገበያ ላይ አልነበረም። ራሱ መኪና እየሠራ ለሚኖር ሰው ይሄ ትንሽ ያሳፍራል። በ1947 ከወንድሙ ከስፔንሰር ጋር፣ እሱም የኩባንያው ኃላፊ ነበር፣ የራሳቸውን ለመሥራት ተስማሙ። የመጀመሪያውን ንድፍ ባሕር ዳርቻ ላይ በአሸዋ ሳለው ይባላል።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ጦርነቱን አሸንፋለች፤ ግን ዕዳ ውስጥ ተዘፍቃለች። ዳቦ እንኳ በራሽን ነበር የሚታደለው። ብረት የሚያከፋፍለው መንግሥት ነው፤ ቅድሚያ የሚያገኘው ደግሞ ዕቃውን ውጭ አገር ሸጦ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ፋብሪካ ነው። ሮቨር ከጦርነቱ በፊት ይሠራ የነበረው ለእንግሊዝ ሐኪሞችና ጠበቆች የሚሆን ጨዋ የቤት መኪና ስለነበር፣ ብዙ ብረት የማግኘት ተስፋ አልነበረውም። አሉሚኒየም ግን ነበር። የጦር አውሮፕላን ሥራ ቀዝቅዟል፤ አውሮፕላን ይሠራበት የነበረው ብረት ያልሆነ ብረት (ይቅርታ፣ አማርኛችን እዚህ ላይ ያስቸግራል) ገዢ ይፈልጋል። አሉሚኒየም በኪሎ ከብረት ይወደዳል፤ ቢሆንም ይገኛል። ስለዚህ አካሉ ቢርማብራይት ከሚባል የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ቅይጥ ተሠራ። ብረት የገባው ያለ እሱ በማይሆንበት ቦታ ብቻ ነው። የማግኔታችሁ ካርታ ይኸው።

ሁለተኛ ችግርም ነበር፤ ለኛ ለጠጋኞቹ የጠቀመን እንዲያውም እሱ ነው። ላሜራን ጎበጥ፣ ክብ ለማድረግ ትልቅ መጭመቂያና ውድ ቅርጽ ማውጫ ያስፈልጋል። ላንድሮቨር ግን ለሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ክፍተት እንዲሞላ የታሰበ ጊዜያዊ ሥራ ነበር፤ ለጊዜያዊ ሥራ ያን ያህል ገንዘብ ማን ያወጣል? ስለዚህ መሐንዲሶቹ በተቻለ መጠን ጠፍጣፋ ላሜራ ቆርጠው፣ ቀጥ አድርገው እያጠፉ ሠሩት። ያ ሳጥን መልኩ ለውበት ብሎ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የተቀቡት ገርጣ ያለ አረንጓዴ ቀለም ራሱ ከጦር አውሮፕላን ሥራ የተረፈ ነበር። መኪናው ሚያዝያ 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 50 የፈረስ ጉልበት። ያ «ጊዜያዊ» መኪና የልጅ ልጁ ዲፌንደር ከፋብሪካ ለመጨረሻ ጊዜ እስከወጣበት እስከ 2016 ድረስ ቀጠለ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆኖ።

አሁን ወደ ሻንሲው እንሂድ፤ እኔ የተሸነፍኩበት እዚያ ነው።

የላንድሮቨር ሻንሲ ዋና ዘንጎች ውስጣቸው ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ናቸው። በጣም የምወደው ነገር አሠራራቸው ነው፤ አራት ጠፍጣፋ የብረት ቁራጭ ይቆረጥና በአራቱም ጠርዝ ተበይዶ ሳጥን ይሆናል። መጭመቂያ የለም። ቆርጦ መበየድ ብቻ። ግን ለምን ሳጥን? የሶፍት ጥቅልል መሀል ያለውን ካርቶን አምጡና በሁለት እጃችሁ ለመጠምዘዝ ሞክሩ። አሻፈረኝ ይላል። አሁን ከላይ እስከ ታች በመቀስ አንድ መስመር ሰንጥቁትና እንደገና ሞክሩ። እንደ ጨርቅ ይታዘዛል፣ አይደል? ካርቶኑ ያው ነው፤ ያጣው ነገር መዘጋቱን ብቻ ነው። ጎኑ 75፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ የብረት ቱቦ ብንወስድ፣ የተዘጋው ከተሰነጠቀው ይልቅ መጠምዘዝን በ1000 እጥፍ አካባቢ ይቋቋማል። አንድ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መኪናውን የሚያድነው ይሄ ነው።

የተዘጋ ሳጥን ግን ጭቃና ውኃ ከገባበት አይወጣለትም። እንግሊዝ አገር ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን እነዚህ ሻንሲዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳሉ፤ ብዙዎች ዛሬ ዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ ገዝተው ይቀይራሉ። አዲስ አበባ ጨው የሚበትን የለም። የኛን የበላው ታዲያ ምንድን ነው? አሸንዳ! የማቆሚያው ጣሪያ ውኃ ለአሥር ክረምት ልክ የኋላው ሻንሲ ላይ ይወርድ ነበር። መዶሻ ይዤ መታ መታ ሳደርገው ጤነኛው ቦታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የበሰበሰው ቦታ ላይ መዶሻው ዝም ብሎ ገባ።

ቀዳዳውን በላሜራ ሸፍኜ፣ ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ እስከ ሌላው ጫፍ ሳላቋርጥ በየድኩ። ኮርቻለሁ። ሲቀዘቅዝ ሳየው ግማሹ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል፣ ግማሹ ደግሞ ጠርዙን ወደ ላይ አንስቶ ተጣሟል። በወረቀት ላይ እኮ አውቀዋለሁ፤ 1 ሜትር ብረት 100 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ የቀለጠው ሲረጋ ደግሞ ተሰብስቦ ጎረቤቱን ይጎትታል። ፈተና ላይ ብትጠይቁኝ ሙሉ ነጥብ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በብየዳ የጨረሱ ሽማግሌ አሉ። ጠርቼያቸው መጡና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«ምንድን ነው፣ ዳቦ ነው የጋገርከው?»

«ጋሼ፣ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

«አንተ ልጅ፣ የበሰበሰ ነገር ላይ ምን ይጣበቃል? ቆርጠህ ጣለው። ጤነኛው እስኪመጣ ቁረጥ። ከዚያ ነጥብ ነጥብ እያረክ ያዘው፤ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ። በመሀል ሻይ ጠጣ።»

ሻዩ ቀልድ አይደለም። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ የሚጠበቅበት ሰዓት ነው። በግራይንደር ቆረጥኩ፤ የቀረው የኋላ ሻንሲ ሳይ ደነገጥኩ። ልክ አወጣሁ መጀመሪያ በካርቶን፣ ከዚያ በላሜራ። ማዕዘኖቹን ክብ አደረግኳቸው፤ ሹል ማዕዘን ላይ ጭንቀት ስለሚከማች ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። (ይሄ ለካ ጥናቴ ውስጥ ያለ ነገር ነው!) አራተኛው ጥገና ላይ ሽማግሌው በጥፍራቸው ብየዳውን ዳሰሱና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ከእሳቸው ያ ትልቅ ምስጋና ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ማስኩን ሳላወርድ ለኮስኩት፤ ለአንዲት ሴኮንድ። ሌሊቱን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ እንደተበተነ ሆኖ አደርኩ። ብልጭታው የሚያወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የዓይንን ፊት ያቃጥላል። ስለዚህ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ብቻችሁን አትጀምሩ፤ ባትሪውን ንቀሉ፣ ቤንዚን ያለበትን ሁሉ ከአካባቢው አርቁ፣ ዚንክ የተነከረ ብረት ደግሞ ጭሱ መርዝ ነውና ዚንኩን ሳትፍቁ አትበይዱ። ሻንሲ ላይ የሠራችሁትንም መንገድ ከመውጣቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው።

አካሉ ሌላ ጨዋታ ነው። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካላገኘ አይቀልጥም። ብረት ሲሞቅ ቀይ ሆኖ ያስጠነቅቃችኋል፤ አሉሚኒየም መልኩን ሳይቀይር ድንገት እግራችሁ ሥር ይንጠባጠባል። በቤት የብየዳ ማሽን አይሞከርም። ደግነቱ ፋብሪካውም ብዙውን ቦታ ያያያዘው በሪቬትና በብሎን ስለሆነ መሰርሰሪያ ካላችሁ ትፈቱታላችሁ። ማግኔቱ ከመያዝ ወደ መውደቅ የሚያልፍበት ድንበር ላይ ግን ተጠንቅቃችሁ እዩ። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው እርጥበት ሲገባባቸው እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። የኛ በር ሥር ነጭ ዱቄት ነበር። ጠርጌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ በመሀላቸው ከከመነዳሪ የቆረጥኩት ስስ ጎማ አስገባሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። የእንግሊዝ መኪና እየጠገንን አፋችን ላይ የነበረው ቃል ሁሉ የጣሊያን ነበር፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ፍሪሲዮን። ካንዴላ ማለት በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ባሌስትራ ደግሞ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነው፤ የታጠፈው ብረት ቀስት ስለሚመስል። ጎማ ራሱ ጣሊያንኛ ነው። አገራችን ውስጥ የጋራዥ ሙያ በማን በኩል እንደገባ መዝገብ ሳትገልጡ የመሣሪያ ሳጥን ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ።

ይህ ሁሉ በየትኛውም መኪና ይሠራል ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የድሮው ላንድክሩዘር፣ ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው ባለ 40 ቁጥሩ፣ ማግኔቱን ሁሉም ቦታ ላይ ይይዛል፤ አካሉም ብረት ነውና፤ ሻንሲው ግን ለብቻው ስለሆነ በዚህ መንገድ ይጠገናል። የዛሬ የቤት መኪኖች ግን አካላቸውም ሻንሲያቸውም አንድ ነው፤ አንዳንዱ ክፍላቸው በፋብሪካ ግሎ ተመቶ በፍጥነት የቀዘቀዘ ልዩ ብረት ነው። እሱን በግቢ ብየዳ ብታሞቁት ጥንካሬው ይጠፋል፤ ከላይ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም። በግጭት ቀን ነው የሚታወቀው። አሮጌዎቹ ከአዲሶቹ ይሻላሉ እያልኩ አይደለም፤ ግጭት ውስጥ ብሆን አዲሱን እመርጣለሁ። መማሪያ ሲሆን ግን ስህተቴን የሚያሳየኝንና እንደገና የሚያስቆርጠኝን እወዳለሁ።

ሁለቱ ወር ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ሞተሩ ተነሳ። አጎቴ ማግኔቱን ከእጄ ወስዶ ተንበረከከና የበየድኩበትን ቦታ በሙሉ ነካካው፤ ሁሉም ያዘ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፣ ማርሽ አስገባ፣ እስከ ግቢው በር ድረስ ሄደና በአጥሩ ግንድ ተደግፎ ቆመ።

«ፍሬኑስ?» አለኝ በመስኮት።