ማያያዝና ማስገባት፤ የአንድ የኮምፒዩተር ስያሜ ታሪክ

አንድ የመረጃ ቋት አገልጋይ ከእርሱ ውጭ በሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒዩተር የተቀመጠን የአክሰስ ፋይል እንዲያነብ ሲደረግ፣ ለሥራው ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው የአማርኛ ቃል «ማገናኘት» ነው። ቃሉ ስሕተት ነው አይባልም፤ ነገር ግን ሁለት ሥራዎችን ያደባልቃል። አንደኛው መረጃውን ገልብጦ ወደ አገልጋዩ መውሰድ፣ ሁለተኛው መረጃውን ካለበት ሳያነቃንቁ ማንበብ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የሄደ ሰው ፋይሉ በማግሥቱ ቢታረም እርማቱን አያየውም፤ በሁለተኛው የሄደ ግን ያየዋል፤ ፋይሉ ከጠፋም ባዶ እጁን ይቀራል።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ባንድ ጊዜ አልረጋም። አክሰስ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ የውጭ ሰንጠረዥን ካለበት ማንበብ «አታች» ይባል ነበር፤ በ1995ቱ እትም ግን «ሊንክ» ተባለ፤ ይህም የሰንሰለት ቀለበት ማለት ነው። የማይክሮሶፍት ኤስ.ኪው.ኤል. ሰርቨር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው 7.0 እትሙ «ሊንክድ ሰርቨር» የሚለውን ስያሜ አመጣ። ከዚያ በፊት አንድ አገልጋይ የሚጠራው ሌላ አገልጋይን ነበር። ከ7.0 ወዲህ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ተራ ፋይልም ሊሆን ቻለ፤ «ሰርቨር» የሚለው ስም ግን አልተለወጠም።

የተርጓሚው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአክሰስ ፋይል ማንንም አያገለግልም፤ ፋይሉን የሚከፍተው ጄት የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው በራሱ በአገልጋዩ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ስለሆነም የሚጻፈው የፋይል አድራሻ የሚተረጐመው ከአገልጋዩ ቦታ ተነሥቶ እንጂ ከትእዛዝ ጸሐፊው ጠረጴዛ አይደለም። ፋይሉ ሲከፈት የቁልፍ ፋይል በአጠገቡ ስለሚፈጠር፣ ለማንበብ ብቻ ለመጣም እንኳ በማኅደሩ ውስጥ የመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጄት በ32 ቢት ብቻ የተሠራ በመሆኑ የ64 ቢት አገልጋይ ሊጭነው አይችልም፤ ክፍተቱን የሞላው ኤስ የተባለው ተተኪው እ.ኤ.አ. በ2010 በ64 ቢት ሲወጣ ነው። «የተገናኘ አገልጋይ» ብሎ የሚተረጕም ሰው እንግዲህ አንባቢውን በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የሌለ አገልጋይ ያስፈልገዋል።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ለዚሁ ነገር ሁለት ስሞች ይሠራባቸዋል፤ «የመረጃ ቋት» እና «የውሂብ ጎታ»። ውሂብ ከግእዙ «ወሀበ» ስለ ወጣ «የተሰጠ» ከሚለው ከላቲኑ ዳቱም ጋር በትርጉም ይገጥማል። ጎታ ያልተፈጨ እህል የሚኖርበት ነው፤ ቋት ደግሞ ከወፍጮ የሚወርደውን ዱቄት ይቀበላል። በዚህ ብንሄድ ፋይሉ ጎታ፣ የጥያቄው ውጤት የሚወርድበት ቋት በተባለ ነበር! ነገር ግን ሁለቱም በልማድ ስለ ጸኑ አንነካቸውም።

የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ገልብጦ መውሰድ «ማስገባት»፣ ካለበት ማንበብ «ማያያዝ» ይባል፤ «ማገናኘት» የግንኙነት መስመር ለመክፈት ብቻ ይቆይ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ፋይልም ሆነ አገልጋይ «ተያያዥ ምንጭ» ቢባል ይሻላል። የትእዛዞቹ ስሞች ግን ኮምፒዩተሩ ትርጉም ስለማይቀበል እንዳሉ ይጻፉ።