የሞተር ሳይክል ሳልባትዮ የቀለም ጭረት፦ ጥገናውና መከላከያው

የሳልባትዮ የቀለም ጭረት የሚባለው የሞተር ሳይክል ነዳጅ መያዣ በተቀባው ቀለም ላይ በመፋቅ፣ በመቦጨር ወይም በግጭት የሚደርስ ጉዳት ነው። ሳልባትዮው ከመሪው ኋላ፣ በአሽከርካሪው ጉልበቶች መካከል ስለሚቀመጥ ከሞተሩ አካላት ሁሉ በበለጠ ከልብስ፣ ከቁልፍ፣ ከጭነትና ከቤንዚን ጠብታ ጋር ይገናኛል። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ከስስ ላሜራ የሚሠራ ነው። ላሜራውን ከውጭ ከዝገት የሚጠብቀው ቀለሙ በመሆኑ ጭረት የመልክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ አይታይም። ብረት ላይ ደርሶ በጊዜ ያልተዘጋ ጭረት ዝገት ይጀምራል፤ ዝገቱም ላሜራውን እየበላ ሲሄድ ሳልባትዮው ሊያፈስ ይችላል።

በምዕራብ ጎንደር ዞን መተማ ወረዳ እንደምትገኘው ሽንፋ ባሉ የቆላ ከተሞች ሞተር ሳይክል በከተማውና በእርሻው መካከል ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። የአካባቢው ፀሐይ፣ አቧራና ጭቃ ጭረትን የሚያባብሱ በመሆናቸው የጥገናው ዘዴም የመከላከያው ልማድም ከዚሁ አየር ጠባይ ጋር መጣጣም አለበት።

የቀለሙ አሠራር

የፋብሪካ ቀለም በተለምዶ ሦስት ንብርብር አለው። የመጀመሪያው ላሜራውን የሚይዝና ዝገት የሚከላከል መነሻ ቅብ ነው። በእርሱ ላይ መልክ የሚሰጠው ቀለም ይቀባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርሃን አሳላፊው ጥርት ያለ ቅብ ይደረባል። የሦስቱ ድምር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህ ውስጥ ጥርት ያለው ቅብ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ጭረትን ፈግፍጎ ማጥፋት የሚቻለው በጣም ቀጭን በሆነ ልክ ውስጥ ነው፤ በተፈገፈገ ቁጥርም መከላከያው ይሳሳል።

የቅቡ ዓይነት ከቤንዚን ጋር ባለው ጠባይ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖንትና ጄኔራል ሞተርስ ለመኪና ያቀረቡት የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ቶሎ በመድረቁ የፋብሪካ ሥራን አፋጥኗል፤ ነገር ግን ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1937 በኦቶ ባየር የተጀመረው የፖሊዩረቴን ኬሚስትሪ በኋላ ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባውን ባለሁለት ክፍል ቅብ አስገኘ። ይህ ቅብ በሚገባ ከጠነከረ በኋላ ቤንዚንን ይቋቋማል። በቆርቆሮ የሚሸጡት ተራ የስፕሬይ ቀለሞች አብዛኞቹ ማጠንከሪያ የሌላቸው በመሆናቸው ነዳጅ በፈሰሰባቸው ቦታ ይነሣሉ።

የቆላው አየር ጠባይና የጭረት መንስኤዎች

የመተማ ወረዳ መሬት ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1608 ሜትር ከፍታ አለው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ እስከ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። ዝናቡ በዓመት አንድ ወቅት፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚዘንብ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር በክረምት የሚጣበቅ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ይሰነጠቅና በመንገድ ላይ ደቅቆ አቧራ ሆኖ ይነሣል።

አቧራ ዋነኛው የጭረት ምንጭ ነው። በውስጡ የሚገኘው የአሸዋ ማዕድን ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ ሚዛን 7 ላይ የሚቀመጥ ሲሆን ከማንኛውም የሞተር ቀለም ይበልጥ ጠንካራ ነው። አቧራ የለበሰ ሳልባትዮ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ወይም በሱሪ ጉልበት ሲታሽ ቀለሙ በጥቃቅን መስመሮች ይሞላል፤ ከጊዜ በኋላም ይደበዝዛል። የቀበቶ ዘለበት፣ የጃኬት ዚፕና የተንጠለጠለ የቁልፍ ዘለላ ጠለቅ ያለ ጭረት ያወጣሉ። ወደ እርሻ የሚያስገባው ቀጭን መንገድ ላይ ደግሞ የግራር እሾህ ጎኑን ይቦጭረዋል። በሳልባትዮው ላይ የሚጫን ጀሪካን ወይም ማዳበሪያ ባይላላም እንኳ በመንገዱ ንዝረት ሥሩን ይፈገፍጋል።

ፀሐይ በሌላ መንገድ ትጎዳለች። አልትራቫዮሌት ጨረር ጥርት ያለውን ቅብ ቀስ በቀስ ስለሚያደርቀው ቅቡ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይላጣል። ሙቀት የቤንዚንን መጠንም ይጨምራል፤ ቤንዚን በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በግምት ከሺህ አንድ እጅ ይሰፋል። በማለዳ እስከ አፉ የተሞላ 10 ሊትር በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 0.2 ሊትር ይጨምራል። ይህ ትርፍ በክዳኑ ዙሪያ ወጥቶ ቀለሙን ያበላሻል፤ አስቀድሞ ጭረት ካለ ደግሞ ከቅቡ ሥር ይገባል።

የጭረት ደረጃዎች

ጥገናውን የሚወስነው የጭረቱ ጥልቀት ነው። ቦታው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥፍር በጭረቱ ላይ አግድም ይሳባል።

፩. ጥፍር የማይዘው ጭረት በጥርት ቅቡ ውስጥ የቀረ ነው፤ በውሃ ሲርስ ለጊዜው ይጠፋል።

፪. ጥፍር የሚይዘውና የሥሩ መልክ የተለወጠ ጭረት ወደ ቀለሙ ወይም ወደ መነሻ ቅቡ ደርሷል።

፫. የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ቡናማ ዝገት የሚታይበት ጭረት ላሜራውን አግኝቷል። ቅቡ በዙሪያው አብጦ ከተነሣ ዝገቱ ከሚታየው አልፎ ከቀለሙ ሥር ተስፋፍቷል።

ከሥራ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ በወለል ላይ ተስፋፍቶ ራቅ ካለ ምድጃ ወይም ሲጋራ እሳት ሊይዝ ይችላል። ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ውስጡ በተንና በአየር ድብልቅ ስለሚሞላ ነው። ቀለም ለመቀባት ወይም ላሜራ ለማቃናት ሲፈለግ የቤንዚኑ መክፈቻ ይዘጋል፣ ቧንቧው ይነቀላል፣ ሳልባትዮው ይወርድና ይገለበጣል። ከዚያ በውሃና በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ ክፍት ሆኖ ነፋስ ባለበት ይደርቃል። የታጠበ ሳልባትዮም ቢሆን ተን ሊይዝ ስለሚችል ብየዳ ይህንን ሥራ ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይተዋል።

ባለሁለት ክፍል ቅብ ሲረጭ ከማጠንከሪያው የሚወጣው አይሶሳያኔት የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል፤ አስምም ሊያስከትል ይችላል። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ከዚህ አያድንም። ለቀለም ሥራ የተዘጋጀ ጭምብል፣ ጓንትና ክፍት ቦታ ያስፈልጋሉ። ረዳት ሆነው የሚሠሩ ወጣቶችም ይኸው ጥበቃ ይገባቸዋል።

ጥገና

የላይኛው ጭረት። ሳልባትዮው በጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ ይታጠባል። ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ተነክቶ በትንሽ ቦታ ላይ ይታሻል። ጭረቱ ካልጠፋ በ2000 ቁጥር፣ ቀጥሎም በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውሃ እየተነከረ በቀስታ ይፈገፈግና እንደገና ፖሊሽ ይደረጋል። በጠርዝና በጉብታ ላይ ቅቡ ስለሚሳሳ እዚያ ላይ መፈግፈግ ቶሎ ወደ ቀለሙ ያደርሳል። የጥርስ ሳሙና ለስላሳ መፈግፈጊያ ስላለው ቀላል ጭረትን ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ጠለቅ ላለው ግን አይጠቅምም።

መካከለኛ ጭረት። ሰምና ቅባቱ በቲነር በረጠበ ጨርቅ በፍጥነት ይጠረጋል። ተመሳሳይ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ጭረቱ ውስጥ ብቻ በስሱ እየተደራረበ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ድርብ ሳይደርቅ ቀጣዩ አይጨመርም። መጨረሻ ላይ ባለሁለት ክፍል ጥርት ቅብ ይደረብበትና ከጠነከረ በኋላ ከዙሪያው ጋር በ2000 ቁጥር ይስተካከላል። የጥፍር ቀለም በጭረት ላይ መቀባት መልኩን ለጊዜው ይሸፍናል፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ስለሚሟሟ ለሳልባትዮ አይሆንም።

ብረት ላይ የደረሰ ጭረት። የተነሣው ቅብ በሙሉ ጠንካራ ቅብ እስከሚገኝበት ድረስ ይላጣል። ዝገቱ በብረት ብሩሽና በሻካራ ወረቀት ተፍቆ ላሜራው እስኪያበራ ይጸዳል፤ በጉድጓድ ውስጥ የቀረው በፎስፎሪክ አሲድ ማጽጃ ይታከማል። ጠርዙ በ400፣ በ600ና በ800 ቁጥር እየለሰለሰ ይወርዳል። የጸዳ ላሜራ በእርጥብ አየር በሰዓታት ውስጥ ስለሚዝግ መነሻ ቅቡ በዚያው ቀን ይቀባል። ሰርጎ የገባ ቦታ ካለ ስቱኮ ተሞልቶ ይስተካከላል። ቀለምና ጥርት ቅብ የሚረጩት ከዚያ በኋላ ነው። ስቱኮ በዝገት ላይ ከተደረገ ግን ዝገቱ ከሥሩ ይቀጥላል፤ በወራት ውስጥም ቅቡን ያነሣዋል።

በሽንፋ አየር ለቅብ ሥራ የሚስማማው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ወቅት፣ ከቀኑም ማለዳው ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ የሚረጭ ቀለም ላሜራው ላይ ሳያርፍ ስለሚደርቅ ገጹ ጎርባጣ ይሆናል፤ ግድ ከሆነ ዘግይቶ የሚተን ቲነር ይመረጣል። በክረምት ደግሞ እርጥበት ቅቡን ያነጣዋል። ከመርጨት በፊት ወለሉን ውሃ መርጨት አቧራ እንዳይነሣ ይረዳል። አዲሱ ቅብ ቤንዚን እንዲነካው የሚፈቀደው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው።

መከላከል

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ አቧራውን ከመወልወል በፊት በብዙ ውሃ ማውረድ ነው። ሁለት ባልዲ መጠቀም፣ አንዱን ለሳሙና፣ ሌላውን ጨርቁን ለማለቅለቅ፣ አሸዋው ተመልሶ ወደ ሳልባትዮው እንዳይመጣ ያደርጋል። ውሃ በማይበቃበት ወቅት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ከመፈግፈግ እንዳለ መተው ይሻላል። በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት መወልወል ሳልባትዮውን ለሰዓታት ያብረቀርቀዋል፤ የቀረው ቅባት ግን አቧራን አጣብቆ ሌላ ጭረት ያመጣል። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚያነሣ የነካው ቦታ ወዲያው በውሃ መታጠብ አለበት።

ሰም በየሁለትና በየሦስት ወሩ ቢቀባ ጨረርንና ጥቃቅን ፍትጊያን ይቀንሳል። ጉልበት በሚነካው ጎን የሚለጠፍ ግልጽ ፕላስቲክ ወይም ላስቲክ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ የቀድሞ የእንግሊዝና የጀርመን ሞተር ሳይክሎችም በሳልባትዮው ጎኖች የላስቲክ ጉልበት ማሳረፊያ ነበራቸው። ከጨርቅ ወይም ከቆዳ መሰል ነገር የሚሰፋ ልባስ ግን ከሥሩ አቧራና ውሃ ስለሚይዝ በየጊዜው ተነሥቶ ካልታጠበ ራሱ ቀለሙን ይቦጭራል፤ የተደበቀ ዝገትም ያመጣል።

ቤንዚን ሲሞላ ከክዳኑ በታች ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተዋል፤ የፈሰሰው ሳይደርቅ በውሃ ይታጠባል። ከጀሪካን በሚቀዳበት ጊዜ ፈነል መጠቀምና በአፉ ዙሪያ ጨርቅ ማድረግ ጠብታውንም ፍትጊያውንም ይቀንሳል። ዛፍ ሥር ማቆም ከፀሐይ ያድናል፤ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ግን ቅቡን ስለሚበሉ በዚያው ቀን መታጠብ አለባቸው። ሞተሩ ከወደቀ መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ ሳልባትዮውን የሚነካ መሆኑ ይፈተሻል።

ቅደም ተከተል

ገንዘብና ጊዜ ውስን ሲሆን መቅደም ያለበት ብረት ያሳየ ጭረት ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ከክረምት በፊት ተጸድቶ መነሻ ቅብ ሊያገኝ ይገባል፤ መልኩ በኋላ ሊስተካከል ይችላል። ቀጥሎ ወደ ቀለሙ የደረሰው ይሞላል። ጥፍር የማይዘው ጭረት ግን ለሳልባትዮው ጤና አያሰጋም፤ ደጋግሞ በመፈግፈግ ጥርት ቅቡን ከማሳሳት በሰም ሸፍኖ መተው ይመረጣል። የዕለት ገቢው በሞተሩ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ያለውን ገንዘብ ሳልባትዮውን ከመቀየር በሚያድነው ሥራ ላይ እንዲያውል ያስችለዋል።