ቶፉ የጫነ መኪና እና መድፍ የጫነ ሠረገላ

ጃፓን ውስጥ ኒኮ ከምትባለው ከተማ በላይ «ኢሮሃዛካ» የሚባል የተራራ መንገድ አለ። 48 እጥፋቶች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ እጥፋት ከጥንቱ የጃፓን ፊደል አንድ አንድ ተሰጥቶታል። በአማርኛ ቢሆን የመጀመሪያው «ሀ»፣ ቀጣዩ «ሁ» እየተባለ እስከ ጫፍ እንደመውጣት ነው። አውቶሞቢል ሳይመጣ በፊት ይህ አቀበት ወደ ቅዱሱ ተራራ የሚጓዙ ምእመናን በእግራቸው የሚወጡት መንገድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ለእይታ የበቃው «ኢኒሻል ዲ፦ ሦስተኛው ምዕራፍ» የተሰኘ የአኒሜሽን ፊልም ትልቁን የመኪና እሽቅድምድም ያደረገው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። ፊልሙ በ1998 እና በ1999 የተጀመሩ ሁለት ተከታታይ የቴሌቪዥን ምዕራፎችን ተከትሎ የመጣ ነው። የሁሉም መነሻ ሹይቺ ሺጌኖ ከ1995 ጀምሮ በመጽሔት ያወጣው የሥዕል ታሪክ ነው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ታኩሚ የባለጸጋ ልጅ አይደለም። አባቱ ቶፉ ሠርቶ ይሸጣል፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚዘጋጅ፣ እንደ አይብ የሚፈረፈር ምግብ ነው። ልጁ ሌሊት ሌሊት በአሮጌ ቶዮታ ጭኖ ተራራ ላይ ላሉ ሆቴሎች ያደርሳል። አባቱ ውኃ የሞላበት ኩባያ መኪናው ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ ውኃው ሳይፈስ መድረስ አለበት። ታኩሚ ፈጣን የሆነው እንግዲህ ጭነቱን ለመጠበቅ ሲል ነው። አድናቂዎች ዛሬም ያንን ተራራ ሊያዩ የሚጓዙት በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ላስታና አካባቢው እንመለስ። በእነዚህ ተራሮችም በመንኮራኩር የተደረገ ታላቅ እሽቅድምድም ነበር። ዘመኑ 1860 ዓ.ም. ነው፤ ተወዳዳሪዎቹም ዐፄ ቴዎድሮስና የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር፣ የሁለቱም መድረሻ መቅደላ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ያቀለጡላቸውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ተነሡ። በጋይንትና በጨጨሆ አድርገው ዋድላ ደጋ ላይ ወጡ፤ ከቤተ ሖር ወደ ጅጣ ገደል ወረዱ፣ ወደ ደላንታ ወጡ፣ ደግሞ ወደ በሽሎ ወረዱ። ሠረገላ የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረምና ዐለቱ እየተፈለጠ መንገዱ እየተሠራ ነበር የሚጓዙት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ ያዩ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

ናፒየር በበኩሉ 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ መጣ። ከባድ መድፎቹን የተሸከሙት ዝሆኖቹ ነበሩ። ወደ ጅጣ ገደል የወረደውም ቴዎድሮስ በጠረጉት መንገድ ነው። ንጉሡ ቀድመው መቅደላ ደረሱ፤ ነገር ግን መድፉ ከሽንፈት አላዳናቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን ሕይወታቸው በእጃቸው አለፈ። ሴባስቶፖል ዛሬም አምባው ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ መንኮራኩር በዚያ አገር እንደልቡ የሄደው በደርግ ዘመን ነው። ቻይናውያን ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውን፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ሠሩ። መንገዱ ከወልድያ በሳንቃ በኩል የድልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና ይደርሳል። ከዚያ ወደ 64 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል። እንደ ኢሮሃዛካ ሁሉ ይህም የተሳላሚ መንገድ ነው፤ ለገና ከሩቅ አገር ቀናትን በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ምእመን ቁጥር ቀላል አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ ግን የጋሸና መገንጠያ ስሙ በዜና የተነሣው በተሳላሚ አልነበረም። ማን ያዘው፣ ማን ለቀቀው ነበር ወሬው። ምሽግ ተቆፈረበት። ላሊበላ መብራቷም እንግዳዋም ተቋረጠ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የእኛ የተራራ መንገድ በታሪክ የሚታወሰው መድፍ ሲያልፍበት ነው። ሴባስቶፖልን ሁሉም ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ለገና ተሳላሚ ጭኖ፣ በአዘቦት ቀን ጤፍና ዱቄት ጭኖ፣ ድልብን በጭጋግ የሚወጣውን ሹፌር ግን ማን ጻፈለት? ማንስ ሣለው? እሱ ስሙ የሚጠራው መኪናው ሲገለበጥ ብቻ ነው።

ጃፓኖች ቶፉ አመላላሽ ልጅ መርጠው ጀግና አደረጉት፤ ተራራቸውም አብሮት ታወቀ። ላስታ የሚያንሰው ተራራ አይደለም፣ ታሪክም አይደለም። የቸገረው ከመድፉ ይልቅ ዱቄቱን፣ ከድሉ ይልቅ ሳይፈስ የደረሰውን ውኃ ቆጥሮ የሚተርክለት ሰው ነው።