ጂቫንጂ፥ የናይሮቢው ነጋዴና የምክር ቤቱ ወንበር

ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ አንዳንድ ጊዜ ከአዋጅ ይልቅ በርትቶ የሰውን ዕድል እንደሚወስን እናንተ ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምንተርክላችሁ የአሊባይ ሙላ ጂቫንጂ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

ጂቫንጂ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. እንግሊዞች ይገዟት በነበረችው በካራቺ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ሸቀጥ ይዞ እየዞረ ይነግድ ነበር፤ እስከ አውስትራልያም ደርሷል። በ1890 ወደ ሞምባሳ መጣ። እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶርያ ሐይቅ የሚዘረጋውን የባቡር ሐዲድ በ1896 ሲጀምሩ ሠራተኛ ቸገራቸው። ጂቫንጂም ከህንድ አገር ሠራተኛ በማስመጣት፥ ስንቅ በማቅረብና ቤት በመሥራት ኰንትራት እየተዋዋለ ከበረ። ሐዲዱ በ1901 ከሐይቁ እስኪደርስ የመጡት ህንዶች ከ30,000 በላይ ሲሆኑ 2,500 ያህሉ በዚያው ሞቱ። የጂቫንጂ ሀብት ሲነገር የእነዚህም ነገር አብሮ መነገር ይገባዋል።

ናይሮቢ የዚህ ሐዲድ ልጅ ናት፤ ጂቫንጂም ከእርስዋ ጋር አደገ። በሞምባሳ «አፍሪካን ስታንዳርድ» የተባለ ጋዜጣ አቋቁሞ ነበር። በ1905 ለኤውሮጳውያን ቢሸጠው «ኢስት አፍሪካን ስታንዳርድ» ተብሎ የነጭ ሰፋሪዎች አፈ ጉባኤ ሆነ። ባላጋራውን በገዛ ገንዘቡ የቀለበ ሰው ሆነ ማለት ነው።

በ1908 የእንግሊዝ የቅኝ አገሮች ሚኒስትር ሎርድ ኤልጅን ደጋው መሬት ለህንዶች እንዳይሰጥ በደብዳቤ አሳወቀ። በሕግ ዘር ከዘር መለየት የመንግሥቱ አሳብ አይደለም፤ ነገሩ ለአስተዳደር አመቺነት ሲባል የተደረገ ነው፤ ይላል። ይህችን «አመቺነት» የምትባል ቃል ልብ በሉ! አዋጅ ቢሆን ኖሮ መሟገቻ ይገኝ ነበር።

ጂቫንጂ በ1910 በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ሲቀመጥ፥ ነጭ ያልሆነ የመጀመሪያው አባል እርሱ ነበር። የተቀመጠውም በሹመት እንጂ በሕዝብ ምርጫ አይደለም፤ የብቻ ድምፁም ደጋውን ሊያስከፍት አልቻለም። በዚያው ዓመት ወደ ሎንዶን ሄዶ አቤት አለ፤ ምሥራቅ አፍሪካ ከህንድ መንግሥት ጋር ይቀላቀል እስከ ማለትም ደረሰ። እዚህ ላይ ልናመሰግነው አንችልም። ያ መሬት ከነጩም ከህንዱም በፊት የኪኩዩና የማሳይ ነበርና። በ1923 የሎንዶን መንግሥት በኬንያ የአፍሪካውያን ጥቅም ይቀድማል ብሎ ባወጣው ሰነድ እንኳ ደጋው ለነጮች እንደ ተከለለ ቀረ።

ጂቫንጂ በ1936 ሞተ። በ1906 ለናይሮቢ ሕዝብ ያበረከተው የአትክልት ቦታ ግን ስሙን ይዞ ይገኛል። በ1991 ሕንጻ ሊሠራበት ታስቦ ሕዝቡ ተቃወመና ተረፈ። በውስጡ ያቆመው የንግሥት ቪክቶርያ ሐውልት በ2015 ተገንድሶ ወደቀ፤ የከተማይቱ ሠራተኞች ግን በምሳ ሰዓት ከዛፉ ጥላ ሥር እየተቀመጡ ያርፉበታል።