በደም ውስጥ የሚፈለገው የቆሽት ካንሰር

እኛ ቆሽትን የምናስታውሰው ስንናደድ ነው፤ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ሐኪሞች ግን የሚፈሩት ዝምታውን ነው። ከጨጓራ ጀርባ ተደብቆ ስለሚገኝ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በቀዶ ሕክምና ለማውጣት ከረፈደ በኋላ ነው። ዱካውን ከሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የማደኑ ሙከራ ታዲያ ብዙዎች እንደሚያስቡት የትናንት ነገር አይደለም።

በ1948 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ማንደልና ሜቴ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንሳይ አገር፣ ከሴል ውጭ በደም ፕላዝማ ውስጥ ኑክሊክ አሲድ መኖሩን ጻፉ። የዲኤንኤ ቅርጽ እንኳ ገና ያልታወቀበት ጊዜ ነበርና ሰሚ አላገኙም። በ1977 ይህ ዲኤንኤ በካንሰር ሕመምተኞች ደም ውስጥ በአማካይ በዝቶ እንደሚገኝ ታየ፤ ከካንሰሩ የመጣውን ከጤነኛው መለየት ግን አልተቻለም።

መለያው በ1988 ተገኘ። ኬ-ራስ የሚባለው ጂን ከ10 የቆሽት ካንሰሮች በ9ኙ ያህል ተለውጦ ይገኛል። ዲኤንኤን ለሚያባዛው ፒሲአር ምስጋና ይግባውና በ1994 ያው የተለወጠ ጂን በሕመምተኞች ፕላዝማ፣ በሰገራቸውም ውስጥ ተገኘ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ካንሰር የሌለባቸው፣ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ያለባቸው ሰዎችም ዘንድ ያው ለውጥ ታየ። እኔ መሐንዲስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ጣጣ ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ምልክቱ ተሰምቷል፣ ከጫጫታው ግን አልተለየም።

በ2018 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ዲኤንኤንና ፕሮቲኖችን አጣምረው ከቆሽት ካንሰር ሕመምተኞች 72 በመቶውን በደም ለዩ። ቀላል ውጤት አይደለም፤ ነገር ግን የተመረመሩት በሽታቸው አስቀድሞ የታወቀ ነበሩ።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ100,000 ሰው በዚህ ካንሰር የሚያዘው 13 ያህል ነው። ከ100 ጤነኛ 99ኙን በትክክል ጤነኛ የሚል ምርመራ ለ100,000 ሰው ቢደረግ፣ 13ቱን ሁሉ ቢያገኝ እንኳ 1,000 ያህል ጤነኞችን በከንቱ ያስደነግጣል፤ ወደ ተጨማሪ ምርመራም ይነዳል። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አገልግሎት ግብረ ኃይል በ2019 ምልክት የሌለው ሰው ሁሉ እንዳይመረመር የመከረው ጥቅሙ ከጉዳቱ ስለማይበልጥ ነው።

በቤተሰባቸው በሽታው የተደጋገመ፣ ወይም እንደ ቢአርሲኤ 2 ያለ የተለወጠ ጂን የወረሱ ሰዎች ሂሳብ ሌላ ነው፤ ከእነርሱ መካከል ለብዙዎቹ በኤምአርአይና በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ መከታተል ይመከራል። እኛ ዘንድ ግን ስለ አባት ወይም ስለ አክስት የሚነገረው «በሆድ ሕመም ሞቱ» ብቻ ነው። ሐኪሙ በዚህ መረጃ ማንን ለይቶ እንደሚከታተል እንጃ።