ከበሮ ቢከለከል በርሜል ተነሣ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። የማወጋችሁ የሩቅ አገር ታሪክ ነው፤ ከቬኔዝዌላ ጠረፍ ፈንጠር ብላ ባሕር መሐል ስለተቀመጠች፣ ትሪኒዳድ ስለምትባል ደሴት። በዚያች ደሴት የካቶሊኮቹ ጾም ረቡዕ ሊገባ ሰኞና ማክሰኞ ሲቀረው አገሩ በሙሉ አደባባይ ይወጣል። ቅበላ ነዋ! ግን የእነሱ ቅበላ የሥጋና የመጠጥ ብቻ አይደለም። ሰው በሌሊት ጭቃ ተቀብቶ ይጨፍራል፤ ቀንድና ጅራት ቀጥሎ ሰይጣን ይሆናል፤ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ ቆሞ ከቤት ጣሪያ እኩል ይራመዳል። ስሙ ካርኒቫል ነው። ከየት መጣ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ከጌቶች ግብዣ ተነሥቶ በእሳትና በዱላ መሐል አለፈ እላችኋለሁ። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን የምቆጥረው በፈረንጅ ነው።

ደሴቲቱ የስፔን ነበረች። ኮሎምበስ በ1498 ደረሰባት፤ ከዚያ በኋላ ስፔን ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያዝኋት አለች እንጂ እምብዛም አላለማቻትም። በመጨረሻ በ1783 የስፔን ንጉሥ ዐዋጅ አስነገረ፦ ካቶሊክ የሆነ ሁሉ ይምጣ፣ መሬት ይሰጠዋል፤ ባሪያ ይዞ የመጣ ደግሞ በባሪያው ቁጥር ይጨመርለታል። ይህ በተሰማ ጊዜ ከማርቲኒክ፣ ከግሬናዳና ከሌሎቹም ደሴቶች ፈረንሳዮች ባሮቻቸውን እየነዱ ጎረፉ። በ1797 እንግሊዝ ትሪኒዳድን ከስፔን ነጠቀች። ፈረንሳዮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። መንግሥቱ የእንግሊዝ፣ ሕጉ የስፔን፣ የቤቱ ቋንቋ የፈረንሳይ፣ ላቡ የአፍሪካ ሆኖ ኑሮው ቀጠለ።

እነዚህ ባለእርሻዎች ከገና ጀምሮ እስከ ጾም መግቢያ ግብዣ በግብዣ ነበሩ። ጭምብል አጥልቀው፣ ሙዚቀኛ አስከትለው ከቤት ቤት ይዞራሉ። በጣም ከሚወዱት ጨዋታ አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? የእርሻ ባሪያ መስሎ መቅረብ! ጌትዬው ቡትቶ ይለብስና፣ ችቦ ይዞ፣ ባሮቹ ሸንኮራ ሲቃጠል የሚያደርጉትን እያስመሰለ ይጨፍራል።

ለመሆኑ ሸንኮራ ሲቃጠል ምን ይሆናል? ማሳ እሳት ከያዘው ፋታ የለም። የተለበለበ አገዳ ቶሎ ተቆርጦ ካልተጨመቀ ውሃው ይበላሻል፤ የዓመት ገቢ አፈር በላ ማለት ነው። ስለዚህ የእሳቱ ወጋገን በታየ ጊዜ ቀንድና ዛጎል ይነፋል። ባሮቹ ካጎራባቹ እርሻ ሁሉ በሌሊት ይቀሰቀሳሉ፤ ችቦ ይይዛሉ፤ ከኋላቸው ጅራፍ እየጮኸ፣ ጭሱ ውስጥ ገብተው ሲቆርጡ ያድራሉ። ለእነሱ ይህ የመከራ ሌሊት ነው። ለጌታው የግብዣ ማድመቂያ ነበር።

ኦገስት 1 ቀን 1834 ባርነት በሕግ ቀረ። አራት ዓመት ደግሞ «ሥራ ትለምዳላችሁ» ተብለው እዚያው ማሳ ላይ ቆዩ፤ በ1838 ግን በቃ፣ ነፃ ወጡ። ታዲያ ነፃ የወጡት ሰዎች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ያንኑ የቃጠሎ ሰልፍ ራሳቸው ወሰዱት። ችቦውን አበሩ፣ ጅራፉን አጮኹ፣ ቀንዱን ነፉ፣ ከበሮውን መቱና መንገዱን ሞሉት። ካንቡሌ አሉት። በመጀመሪያ በነፃነታቸው ቀን ያከብሩት ነበር፤ እያደር ወደ ካርኒቫል እሑድ እኩለ ሌሊት ዞረ። ጌቶቹ ደነገጡ፤ ከአደባባዩ ሸሽተው ቤታቸውን ዘጉ። ጌታ ባሪያ መስሎ ሲጨፍር ጨዋታ ነበር፤ ባሪያ የነበረው የራሱን ታሪክ ይዞ ሲወጣ ብልግና ተባለ።

ከካንቡሌው ጋር የዱላ ግጥሚያ መጣ፤ ካሊንዳ ይሉታል። እያንዳንዱ ሠፈር የራሱ ዱለኛ አለው፤ ዱለኛው ደግሞ የራሱ አውራጅ። ከበሮው ይጋላል፤ አውራጁ ይፎክራል፣ ይሸነቁጣል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ሁለቱ ክቡ መሐል ገብተው ይገጥማሉ። በክቡ ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ተምሳለች፤ የተፈነከተው ሰው እዚያ ጎንበስ ብሎ ደሙን ያንጠባጥባል። ያን አውራጅ ልብ አድርጉልኝ፤ ካሊፕሶ የሚባለው የደሴቲቱ ዘፈን የመጣው ከእሱ አፍ ነው።

በ1877 ካፒቴን አርተር ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ ደሴቲቱ ላይ ወረደ። ሰውየው ቆራጥ ነው፤ ይህን ነገር አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ። በ1880 ዱላችሁን፣ ችቧችሁን፣ ከበሯችሁን አስረክቡ አለ፤ ሕዝቡ ድንገት ተይዞ አስረከበ። ቤከርም ነገሩ ያለቀ መሰለው። በ1881 የካርኒቫል እሑድ ሌሊት ፖሊሶቹን አሰልፎ ዋና ከተማው ፖርት ኦፍ ስፔይን መንገድ ላይ ቆመ። በዚያኛው ወገን ግን አንድ ያልጠበቀው ነገር ተሰናድቶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ ሲፈነካከቱ የኖሩት የየሠፈሩ ዱለኞች ታርቀው፣ አንድ ሆነው መጡ! ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ችቦው ተለኮሰ። የመንገዱ ፋኖሶች በድንጋይ ረገፉ። ከዚያ በኋላማ ዱላ ከዱላ፣ ድንጋይ ከራስ ቅል ሲገናኝ አደረ። በማግሥቱ ገዢው ሳንፎርድ ፍሪሊንግ ፖሊሶቹን ካምፕ አስገብቶ ራሱ ሕዝቡ ፊት ቀረበና በሰላም እንዲያከብሩ ፈቀደላቸው። ነገሩ ለንደን ደረሰ፤ ሃሚልተን የሚባል መርማሪ ተልኮ መጣ።

ድሉ ግን ዕድሜ አላገኘም። በ1884 ሕግ ወጣ፤ ችቦ ይዞ መሰለፍ ቀረ፤ ዱላ ይዞ መሰባሰብ ቀረ፤ ከበሮም ታገደ። ካርኒቫል ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እንዳይጀመር ተባለ። በዚያ ሌሊት ፈንታ የመጣው የንጋት ጭፈራ ዛሬም ዡቬ ይባላል፤ ሰዓቱ ብቻ መልሶ ወደ ሌሊቱ ተሳበ።

ከበሮ የለም። እሺ ምን ይደረግ? ሰዉ ወደ ቀርከሃው ሄደ። ረጅሙንና ወፍራሙን ቀርከሃ ቆርጠው መሬት ላይ ይወቅጡታል፤ እሱ የጎርናና ድምፅ ነው፣ «ቡም» ይሉታል። አጫጭሮቹን ሁለት ሁለት አድርገው ጫፍ ለጫፍ ያጋጫሉ። ቀጭኑን ትከሻቸው ላይ ያጋድሙና በበትር ይመቱታል፤ እሱ እንደ ልቡ ይዘላል። ሕጉ ስለ ቀርከሃ ምንም አላለም። ታምቡ ባምቡ የተባለው ይህ ጨዋታ ካርኒቫሉን አርባ ዓመት ያህል ተሸከመው። ቀርከሃ ግን ሲወቀጥ ይሰነጠቃል። በ1930ዎቹ ከቆሻሻ ቦታ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የቀለም ጣሳ፣ የመኪና ፍሬን ብረት ማንሣት ተጀመረ።

ኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚቆምበት ቦታም እዚህ ነው። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ወሬው ትሪኒዳድ ደረሰ። የወደቡ ሠራተኞች የኢጣሊያን መርከብ ጭነት አናወርድም አሉ። ግራውሊንግ ታይገር፣ ማለትም «የሚያጓራው ነብር» የሚባል፣ ቀድሞ ቦክሰኛ የነበረ ካሊፕሶ ዘፋኝ ደግሞ «የአፍሪካ ወርቅ» የሚል ዘፈን አወጣ፤ በ1936 በሸክላ ታተመ። ሙሶሊኒ ወርቅ ሽቶ የሰው አገር ገባ እያለ ያብጠለጥለዋል። ያኔ የካሊፕሶ ዘፋኞች ግጥም በቅኝ ገዢው ፖሊስ ዐይን ሥር ነበር፤ ስለዚህ ዘፋኙ ሰሙን ለሳንሱር፣ ወርቁን ለሕዝቡ ማድረግ ይችልበት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 1966፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፖርት ኦፍ ስፔይን ሲወርዱ ሕዝቡ የተቀበለው በዘፈን ከሚያውቃት አገር የመጡትን ንጉሥ ነበር።

ወደ ብረቱ ልመለስ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ከ1942 ጀምሮ የመንገድ ካርኒቫል ታገደ። አሜሪካኖች በደሴቲቱ ላይ የጦር ሰፈር ሠርተዋል፤ ትሪኒዳድ ራሷም ነዳጅ አውጪ ናት፤ ባዶ በርሜል እንደ ልብ ነው። ወጣቶቹ በየጓሮው ሲቀጠቅጡ ከረሙ። በሜይ 1945 አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ ማብቃቱ ሲሰማ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የተቀጠቀጠው ብረት መንገድ ላይ ፈሰሰ! አሁን ምት ብቻ አልነበረም፤ ብረቱ ዜማ መናገር ጀምሯል። በብረት ዜማ በመጫወት ዊንስተን «ስፕሪ» ሳይመን ስሙ ይነሣል፤ ትልቁን የነዳጅ በርሜል ለዚህ በማዋል ደግሞ ኤሊ ማኔት።

በርሜሉ ፓን የሚባለውን መሣሪያ የሚሆነው እንዲህ ነው። ይገለበጥና ቂጡ በከባድ መዶሻ ይወቀጣል፤ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ገበቴ ይመስላል። የየድምፁ ቦታ በኖራ ይሰመራል፤ መስመሩ ዳር ዳሩን በብረት ይነቀሳል። ቀጭን ድምፅ እንዲወጣው ከተፈለገ ጎኑ አጥሮ ይቆረጣል፤ ለጎርናናው በርሜሉ እንዳለ ይተዋል። ከዚያ እሳት ላይ ይጣዳል። በመጨረሻ ቃኚው ትንሽ መዶሻ ይዞ፣ ጆሮውን ደፍቶ፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ እያለ እያንዳንዷን ድምፅ ፈልቅቆ ያወጣታል። ተጫዋቹ ጫፋቸው ጎማ በተጠቀለለ ሁለት በትሮች ነካ ሲያደርገው፣ ያ የነዳጅ ዕቃ እንደ ደወል ይጠራል።

ታዲያ ደህና ቤተሰብ የሚባለው ልጁን ወደ ፓን ግቢ አያስጠጋም ነበር። ባንዶቹ ስማቸውን ከጦርነትና ከፊልም ይወስዳሉ፤ ኢንቬደርስ፣ ቶኪዮ፣ ካዛብላንካ። ሲገናኙ ይደባደባሉ፤ የዱለኛው ደም አልቀዘቀዘም። በ1951 ግን ከተቀናቃኞቹ ባንዶች ጥሩ ጥሩዎቹ ተመርጠው ታስፖ የሚባል አንድ ቡድን ሆኑና በለንደን ለፌስቲቫል ኦፍ ብሪቴን ተጫወቱ። ኖታ ያስተማራቸውና የመራቸው ማን ነበር መሰላችሁ? ጆሴፍ ግሪፊት፣ የፖሊስ ሙዚቃ ባንድ ሰው! ከበሮ ሲሰበስብ የነበረው ቤት ልጅ መጥቶ ዜማ አስቀጸለ።

አሁን ወዳለው በዓል እንምጣ። ሰኞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ዡቬ ይወጣል፤ ጭቃው፣ ቀለሙ፣ ቸኮላቱ ያኔ ነው፤ ነጭ ለብሳችሁ እንዳትሄዱ። ከጨፋሪዎቹ አንዱ ጃብ ሞላሲ ነው፤ ሰውነቱን በሸንኮራ ሞላሰስ ወይም በቀለም ለቅልቆ፣ ቆርቆሮ እያስመታ ገንዘብ ካልሰጣችሁት እቀባችኋለሁ ይላል። ሚድናይት ሮበር ደግሞ ጠርዙ የተዘረጋ ትልቅ ባርኔጣና ካባ አድርጎ መንገድ ላይ ያስቆማችኋል፤ ስወለድ ፀሐይ ጨለመች ዓይነት ፉከራውን ያወርደዋል፤ ሳንቲም ካልጣላችሁ አይለቅም። ሞኮ ጃምቢ በእንጨት እግሩ ከሁሉም በላይ ይሄዳል፤ ትዝታው ከምዕራብ አፍሪካ የተሻገረ ነው። ከሁሉ እኔን የምትገርመኝ ዳም ሎሬን ናት። ደረትና ዳሌ በጨርቅ ተወጥሮ፣ ማራገቢያ ተይዞ፣ በዚያች በጥንቷ የፈረንሳይ እመቤት ይቀለድባታል። ጌታው በባሪያው ሲቀልድ ነበር፤ የባሪያው የልጅ ልጅ በእመቤቷ ቀልዶ መለሰለት።

ማክሰኞ የላባና የዕንቁ ቀን ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ንድፍ ለብሶ ይሰለፋል። ፓኑ ከ1963 ጀምሮ ፓኖራማ የሚባል ውድድር አለው፤ መቶ ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲመታ መሬቱ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። በዓሉ ባሕርም ተሻግሯል። በለንደን በ1958 ጥቁሮች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ ፖርት ኦፍ ስፔይን የተወለደችው ጋዜጠኛ ክላውዲያ ጆንስ በጃንዋሪ 1959 በአዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል አዘጋጀች። እዚያ ያላችሁ ወገኖች በኦገስት መጨረሻ የምታዩት የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ከዚያ ጋር ሐረግ ይቆጥራል።

በ1992 መንግሥት ፓንን ብሔራዊ የሙዚቃ መሣሪያ ብሎ ዐወጀ። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ኦገስት 11ን የዓለም የፓን ቀን አደረገው። ከበሮን በሕግ የከለከሉት ሰዎች ሳያስቡት ለዓለም አዲስ መሣሪያ አስወለዱ ማለት ነው።

የ1881ዱ ሌሊትም አልተረሳም። ካርኒቫሉ ሊገባ ባለው ዐርብ ጎሕ ሳይቀድ፣ ፖርት ኦፍ ስፔይን ውስጥ የካንቡሌው ግጭት በቲያትር ይደገማል። ችቦው ይበራል፤ ዱለኞቹ ይፎክራሉ፤ ቤከር የሆነው ተዋናይ ፖሊሶቹን አስከትሎ ይመጣል፤ ያው እንደ ልማዱ ይሸነፋል። እውነተኛው ፖሊስም በበዓሉ ሰሞን አይቀርም፤ የዛሬ ሥራው መኪናውን አስቁሞ ለጭፈራው መንገድ ማስለቀቅ ነው።